«አብሽሩ፣ ይዘንባል»

ባለፈው ወር የሰፈራችን ወጣቶች ጋብዘውኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚዘጋጁ ልጆች ናቸው። «ጋሼ፣ ከልምድዎ ያካፍሉን» አሉኝ። 38 ዓመት ዝናብ ሲለካና ስለ ዝናብ ሲጽፍ የኖረ ሰው ምን ያካፍላል? ስለ ደመና አወራሁላቸው። ግማሾቹ ስልካቸውን ይነካካሉ፣ ግማሾቹ በጨዋ ደንብ ያዳምጣሉ። ልንበተን ስንል ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ወደ ኋላ ተመልሰው አንዲት ትንሽ ነገር ቢቀይሩ ኖሮ፣ ዛሬ ሌላ ይሆን ነበር?»

«የሎተሪ ቁጥሬን እቀይር ነበር» ብዬ አሳቅኋቸው። ሻይ ጠጣንና ተለያየን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለልጅቷ የምሰጠው መልስ ነበረኝ። ከአርባ ዓመት በላይ ይዤው ኖሬያለሁ፤ ለባለቤቴ እንኳ በወጉ ነግሬያት አላውቅም። ይኸው ዛሬ እጽፈዋለሁ። ተማሩ፣ ቆጥቡ፣ ከመጥፎ ጓደኛ ራቁ የሚለውን እናቶቻችሁ ከእኔ በተሻለ ስለሚነግሯችሁ እዘለዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በ1976 ዓ.ም. ነው። ዕድሜዬ 22። የተመደብኩት በወሎ ክፍለ ሀገር፣ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር ባለች የሜትሮሎጂ ጣቢያ ነበር። ጣቢያ ስላችሁ ሕንጻ እንዳይመስላችሁ። በሽቦ የታጠረች ግቢ ናት። መሐሏ ላይ በእግር የቆመ ነጭ የእንጨት ሳጥን አለ፤ ቴርሞሜትሮቹ እዚያ ውስጥ ናቸው። ከጎኑ የዝናብ መለኪያው። በቃ። ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን መለኪያውን እከፍታለሁ፣ የተጠራቀመውን ውኃ በብርጭቆ እለካለሁ፣ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ የወረደ 1 ሊትር ውኃ ነው። ሥራዬ የሆነውን መጻፍ ነው። ስለሚሆነው የሚናገሩት አዲስ አበባ ያሉት ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ።

በዚያው ዓመት በጥር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት አንድ ጠዋት መለኪያውን ስከፍት 7 ሚሊ ሜትር ውኃ አገኘሁ። ግራ ገባኝ። መሬቱ አቧራ ነው። መዝገቡን ልሞላ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር፣ ግን አላስቻለኝም። ለካ የሰፈር ልጆች በአጥር ሾልከው ገብተው በቆርቆሮ ውኃ ጨምረውበታል። አንዱን ጆሮውን ይዤ «ለምን?» ብለው፣ «ዝናብ እንዲመጣ ብለን ነው» አለኝ። ሳቅሁ። ለጓደኞቼም እንደ ቀልድ አወራሁት። አሁን ሳስበው ያ ልጅ ቤቱ ምን ሲወራ ሰምቶ እንደመጣ ይገባኛል።

የበልግ ዝናብ የሚጠበቀው ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። እዚያ አካባቢ ማሽላ የሚዘራው በበልግ ነው፤ ማሽላ ብዙ ወር መሬት ላይ ስለሚቆይ ክረምትን ጠብቆ የሚዘራው ሰው ይዘገያል። የካቲት ባዶ ሆነ። መጋቢትም ባዶ። መዝገቤ ላይ 0.0፣ 0.0፣ 0.0። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ አንድ ሌሊት ነጎድጓድ ቀሰቀሰኝ። ቆርቆሮው ሲንጫጫ አደረ። ጠዋት ስለካው 11 ሚሊ ሜትር ሆነ።

ቅዳሜ ነበር። ወደ ደሴ የሚወጣ የጭነት መኪና 4 ሰዓት ላይ ይሄዳል። ደሴ አንዲት ልጅ ነበረችኝ፤ ሸሚዜን ከሌሊት ጀምሮ ፍራሽ ሥር አድርጌ ተኩሼዋለሁ። (ልጅቷን አላገባኋትም። እሱ ሌላ ታሪክ ነው።) መዝገቡን ዘግቼ ልወጣ ስል አንድ ሽማግሌ አጥሩ ጋ ቆመዋል። ሰው ሁሉ ሼህ ነበር የሚላቸው። ትከሻቸው ላይ ስልቻ አለ።

«ልጄ፣ ዕቃህ ስንት አለች?»

«11 ሚሊ ሜትር ሼህ። ደህና ነው።»

«ይቀጥላል ትላለህ?»

ስልቻውን አወረዱና አፉን ከፈቱልኝ። የማሽላ ዘር ነው። ነቀዝ እንዳይበላው ከምድጃ በላይ ተንጠልጥሎ የከረመ፣ ጭስ ጭስ የሚል። አንድ እፍኝ ዘግነው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት እንድመርቀው ይሆናል። ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። «ያለችኝ ይቺው ናት» አሉ።

መልሱን አውቀው ነበር። «አላውቅም ሼህ፣ እኔ የዘነበውን ነው የምለካው» ማለት ነው። አምስት ሰከንድ አትፈጅም። ግን መኪናው ሊሄድብኝ ነው። ደግሞ ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ያንን የሚያህል ሽማግሌ እኔን መጠየቁ ደስ ብሎኝ ነበር። ዘሩን ወደ ስልቻው መለስኩና ትከሻቸውን ነካ አድርጌ፣

«አብሽሩ፣ ይዘንባል» አልኳቸው።

ወሎ ያደገ ሰው «አብሽር»ን ያውቃታል። አይዞህ ማለት ናት፣ ይሻላል ማለት ናት፣ አንዳንዴም ምንም ማለት አይደለችም። በቀን መቶ ጊዜ ትባላለች። እኔም እንደዚያው ነበር ያልኳት። እሳቸው የሰሙት ግን የመንግሥት መሣሪያ የያዘ የተማረ ሰው «ይዘንባል» ሲል ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። ዱዓ አደረጉልኝ። እኔ ወደ መኪናው ሮጥኩ።

ከዚያ በኋላ ለ26 ቀን አልዘነበም።

የሼሁ ማሳ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፣ ማየት አልፈልግም ብልም ይታየኛል። በሳምንቱ ማሽላው ብቅ አለ፣ የሕፃን ጥፍር የሚያህል። አሥረኛው ቀን ላይ አረንጓዴ ነበር። ከዚያ ጫፉ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ። በሃያኛው ቀን መሬቱ እንዳልተዘራ ሆነ። እኔ ጠዋት 3 ሰዓት መለኪያውን እከፍታለሁ፣ 0.0 እጽፋለሁ። አንድ ቀን ውስጡን በጣቴ ዳበስኩት። ሞኝነት ነው፣ ግን ዳበስኩት። ያኔ ነው ያ ቆርቆሮ የያዘ ልጅ ትዝ ያለኝ።

ሼሁ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል። ምንም አላሉኝም። አንድ ቀን ልቤ አልችል ብሎ «ሼህ፣ ያን ቀን የተናገርኩት...» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም። «አንተ ምን ታደርግ ልጄ፣ እሱ ያለው ነው» ብለው አጽናኑኝ። እሳቸው እኔን! ቢቆጡኝ፣ ቢረግሙኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ዛሬ የምጽፍላችሁ አይመስለኝም።

ክረምቱም ከዳን። የ1977ን ረሃብ ነገር ከቤተሰቦቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል፣ አልደግመውም። የሰፈራ መኪኖች ሲመጡ ሼሁን ከነቤተሰባቸው ሲሳፈሩ አየኋቸው። ወዴት እንደሚሄዱ የሚያውቅ አልነበረም፤ አንዱ መተከል ይላል፣ ሌላው ኢሉባቦር። ስልቻዋ ባዶዋን ተጣጥፋ ብብታቸው ሥር ነበረች። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

አሁን የልጅቷን ጥያቄ እንውሰደው። ያን ቅዳሜ «አላውቅም» ብል ኖሮ?

ከዓመታት በኋላ ናይሮቢ ለሥልጠና ተልኬ ኤድዋርድ ሎሬንዝ ስለሚባል አሜሪካዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ተማርኩ። እንደ ፈረንጆቹ በ1961 ነው። ሰውየው ኮምፒውተር ላይ የአየር ጠባይን በቀመር ያስኬዳል። አንዱን ስሌት እንደገና ማየት ፈልጎ ከመሐል ጀመረ። ማሽኑ ውስጥ የነበረው ቁጥር 0.506127 ነው፤ እሱ ወረቀቱ ላይ እንደታተመው 0.506 ብሎ አስገባ። ቀሪዋ ከቁጥርም የምትገባ አይደለችም። ቡና ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ ማሽኑ የሁለት ወር አየር ጠባይ አስልቶ ጠብቆታል፤ ከመጀመሪያው ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። መጀመሪያ ማሽኑ የተበላሸ መስሎት ነበር። በኋላ ገባው። ትንሿ ልዩነት ቀን በቀን እያደገች ሁሉን ውጣዋለች። «የቢራቢሮ ክንፍ ሲርገበገብ ሩቅ አገር ማዕበል ሊያስነሳ ይችላል» የምትሉት ነገር የመጣው ከዚህ ነው። መጀመሪያ በምሳሌነት የተነሳችው የባሕር ወፍ ነበረች፤ ቢራቢሮዋ የመጣችው በ1972 ነው።

አስተማሪው ይህን ሲያስረዳ እኔ የማስበው ስለ ስልቻዋ ነበር። እሱ ቡና ሊጠጣ ወጣ፣ እኔ ደሴ ልሄድ ወጣሁ።

ግን ተጠንቀቁ፣ ነገሩ ሌላም ጎን አለው። የቢራቢሮ ክንፍ የነገ ሳምንቱን ማክሰኞ ዝናብ ሊቀይር ይችላል። ክረምትን ወደ በጋ አይለውጥም። ወቅቱን የሚይዙት ትልልቅ ነገሮች ናቸው፤ የውቅያኖስ ሙቀት፣ የነፋሱ አቅጣጫ። በእኛ በ2007 ክረምት ኤልኒኖ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው መሞቅ፣ ሲመጣ እንደዚያው ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠባቂ የሆነው አንድ ሰው አንዲት ቃል ስለተናገረ አይደለም። ያን ቅዳሜ እኔ ምንም ብል ድርቁ ይመጣ ነበር። የሼሁ ጎረቤት አልዘሩም፤ ዘራቸውን ቆጠቡ። በኋላ እኚያ ጎረቤትም ዘሩን ቆልተው በሉና በዚያው መኪና ተሳፈሩ። ስለዚህ ምንም አይለወጥም ነበር። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፣ እውነትም ነው።

ብቻ የጎረቤታቸው ቆሎ ለሁለት ሳምንት ያህል አብልቷቸዋል። ሁለት ሳምንት ለናንተ ምንም አይደለም። የኮረም ረሃብተኞች ምስል በዓለም ቴሌቪዥን የታየው በጥቅምት 1977 ነው፣ እህል መጉረፍ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በእነዚያ ወራት ሁለት ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ እዚያ የነበረ ይንገራችሁ። ሼሁ ሲሳፈሩ ቤተሰቡን ቆጥሬዋለሁ። በሚያዝያ ከማውቀው አንዲት ነፍስ ጎድላ ነበር። በዚያ ቆሎ ትተርፍ እንደነበረ አላውቅም። ምናልባት አትተርፍም።

አማርኛችን «ባደርግ ኖሮ» ሲል ያቺ «ኖሮ» «ኖረ» ከሚለው ቃል ናት። ያልሆነው ነገርም ይኖራል ማለት ነው። ከእኔ ጋር ኖሯል።

እናንተን ሳይ የሚገርመኝ «አላውቅም» ማለት እንዴት እንደሚከብዳችሁ ነው። አንዱ ስለ ቢትኮይን ይጠየቃል፣ ያውቃል። ስለ ኩላሊት ይጠየቃል፣ ያውቃል። ቲክቶክ ላይ ሁሉም መካሪ ነው፣ «ትችላለህ፣ ይሳካል» ይላል፤ ማን እንደሚሰማው ግን አያይም። ስልካችሁ የዛሬ አሥራ አራት ቀን የፀሐይ ምስል ሲያሳያችሁ ሠርግ ትቀጥራላችሁ። እኔ ደግሞ በተቃራኒው ተበላሽቻለሁ። ከዚያ በኋላ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ጥንቁቅ ሆንኩ። «መደበኛና ከመደበኛ በታች የመሆን አዝማሚያ ይኖረዋል» ብዬ የወቅት ትንበያ ሳነብ አንድ ገበሬ ተነሥቶ «ታዲያ ልዝራ ወይስ አልዝራ?» አለኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ለእሱም መልስ አልነበረኝም።

ደግሞ ነገሬን ራሴ ላፍርሰው። ናይሮቢ የመጀመሪያውን የሒሳብ ፈተና ወደቅሁ። ሻንጣዬን ይዤ ልመለስ ስል አብሮኝ የሄደ የባቲ ልጅ «አብሽር፣ ታልፋለህ» አለኝ። ሒሳብ ከእኔም የባሰ ነበር፤ ምንም ሳያውቅ ነው ያለኝ። በዚያች ቃል ቆየሁ፣ አለፍኩ። ያን ቀን «አላውቅም» ቢለኝ ኖሮ ምን ሆኜ ነበር? ታዲያ አብሽር በሉ ነው የምላችሁ ወይስ አትበሉ? እንግዲህ ያ ልጅ ያለኝ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጦ ነው። መሸ፣ ነጋ፣ አብሮኝ ነበር። እኔ ግን ሸሚዜን ተኩሼ ወደ ደሴ ነበር የምሮጠው።

ትናንት ጠዋት ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል «ጋሼ፣ ዛሬ ልብስ ባጥብ ይደርቅልኛል?» አለችኝ። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። በምሥራቅ በኩል ትንሽ ደመና አለ።

«አላውቅም» አልኳት።

«ይህን ሁሉ ዓመት ሠርተው!» ብላ ሳቀችና አጥባ አሰጣችው። እኔም ወንበሬን ወደ በረንዳው አውጥቼ፣ ልብሱ እስኪደርቅ እዚያው ቁጭ አልኩ።