ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ፦ ጀማሪ የትኛውን ይጫን? ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስና ከሜክሲኮ አካባቢ የመጡ ናቸው። የአብዛኞቹ መነሻ አንድ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። ስለዚህ ደህና የሚሠራ ላፕቶፕ ይዞ የቀረ ሰው በዝቷል። አንዱ መውጫ ሊኑክስ ነው፤ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት። ሊኑክስ በብዙ ዓይነት ይወጣል፣ እያንዳንዱ ዲስትሮ ይባላል፤ ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ዞሪንና ፌዶራ ከነዚህ ናቸው።

ጥ፦ የስድስት ኪሎ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ ኮር አይ 5፣ 5ኛ ትውልድ፣ ራሙ 4 ጂቢ፣ ዲስኩም አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው። ግማሹ ጓደኛዬ ኡቡንቱ ይለኛል፣ ግማሹ ሚንት። የቱን ልጫን?

መ፦ ሚንትን፣ ያውም ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን። ሚንት በሦስት መልክ ይወጣል፦ ሲናሞን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ። ከሥራቸው ያለው ሥርዓት አንድ ነው፤ ልዩነቱ የምታየው ገጽ ላይ ነው። በ4 ጂቢ ራም የሚያዋጣህ ቀለል ያለው ኤክስኤፍሲኢ ነው፤ 8 ጂቢ ቢኖርህ ግን ሲናሞንን እመርጥልህ ነበር። ሁለቱም የታችኛው ግራ ጥግ ላይ ሜኑ፣ ከታች የሥራ መስመር ስላላቸው ከዊንዶውስ የመጣ ሰው አይጠፋባቸውም።

ጓደኞችህ ሲከራከሩ የማይነግሩህን ልንገርህ። ላንተ ማሽን ከዲስትሮ ምርጫ በላይ ለውጥ የሚያመጣው ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ) መተካት ነው። 2.5 ኢንች፣ ሳታ፣ 240 ጂቢ ይበቃሃል። ራም ከጨመርክ ደግሞ የ5ኛ ትውልድ ላፕቶፕ በአብዛኛው የሚወስደው ዲዲአር3ኤል ነው፤ የመጨረሻዋ ኤል ዝቅተኛ ቮልት ማለት ናት፣ ያለሷ የተሸጠልህን አትቀበል። አንዳንድ ቀጫጭን ሞዴሎች ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ከመግዛትህ በፊት ጀርባውን አስከፍተህ እይ።

ጥ፦ ታዲያ ኡቡንቱ ምን አጠፋ? ትምህርቱም መጽሐፉም ሁሉ በኡቡንቱ ነው።

መ፦ ምንም አላጠፋም። ሚንት ራሱ የተሠራው በኡቡንቱ ላይ ነው፤ ሚንት 22 የቆመው በኡቡንቱ 24.04 ላይ ሲሆን የሁለቱም ድጋፍ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል። ለኡቡንቱ የተጻፈ መመሪያ ከመቶ ዘጠናው ለሚንትም ይሠራል ብትል ብዙ አልተሳሳትክም። ልዩነቱ ዳታ ላይ ይመጣል። የኡቡንቱ 24.04 መጫኛ ፋይል 6 ጂቢ ገደማ ሲሆን የሚንት 3 ጂቢ ገደማ ነው። ኡቡንቱ ፋየርፎክስንና ሌሎችን በስናፕ (በራሱ የፕሮግራም ማከፋፈያ) ያመጣል፤ ስናፕ ደግሞ ሳይጠይቅህ በየዕለቱ አፕዴት እየፈለገ ያወርዳል። ሚንት ስናፕን ከነጭራሹ ዘግቶታል፤ አፕዴት መኖሩን በጋሻ ምልክት ያሳይሃል፣ የምታወርደው ግን አንተ ስትፈቅድ ነው። ፋይበር ገመድ ቤቱ የገባለት ሰው ይህን ላይቆጥረው ይችላል። በሞባይል ጥቅል ለሚኖር ግን የወር ሂሳብ ነው። የመጀመሪያውን ትልቅ አፕዴት ለሌሊት ጥቅል አቆየው።

ጥ፦ ዞሪንስ? ፌዶራስ?

መ፦ ዞሪን ያምራል፤ ከዊንዶውስ ጋር የሚመሳሰል ገጽም በአንድ ጠቅታ ይሰጥሃል። ኮር የሚባለው ዕትም ነፃ ነው፣ የሚከፈልበት ፕሮ ለጀማሪ አያስፈልግም። ፌዶራ ጎበዝ ዲስትሮ ነው፣ ግን አንዱ ዕትም የሚደገፈው ለ13 ወር ያህል ብቻ ነው፤ አፕዴቱም ከባድ ነው። ለመጀመሪያ አልመክርም።

ጥ፦ ፋይሉን ሳወርድ መሀል ላይ ይቋረጣል። እንደምንም ጨርሶ ፍላሽ ላይ ኮፒ ባደርገውም አልነሳ አለ።

መ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ለማውረድ ቶሬንት (ፋይሉን በቁራጭ በቁራጭ የሚያወርድ መንገድ) ተጠቀም፤ ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፣ እያንዳንዱን ቁራጭም ራሱ እየመረመረ ይቀበላል። ፍላሹ ላይ ደግሞ ኮፒ ማድረግ አይበቃም። 8 ጂቢ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ያዝና በሩፈስ ወይም በባሌና ኤቸር ፕሮግራም ጻፈው። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፣ አስቀድመህ አውጣ።

ከዚያ ማሽኑ ሲነሳ በዴል፣ በሌኖቮና በቶሺባ በአብዛኛው ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ነካ ነካ አድርግና ፍላሹን ምረጥ። በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ መጫኛውን የሚመረምር መስመር አለ፤ መጀመሪያ እሱን አስኪድ። ቶሬንቱ በትክክል ጨርሶ እዚህ ላይ ስህተት ካሳየ ጠርጥር፣ ፍላሹ ነው። ላዩ ላይ 64 ጂቢ ተጽፎበት ውስጡ ግን ትንሽ የሆነ ፍላሽ ገበያው ውስጥ አለ፤ ልኩ ካለፈ በኋላ የጻፍከውን ይውጠዋል።

ሲነሳልህም ወዲያው አትጫን። ከፍላሹ ላይ እየሠራ ሳለ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ የስክሪን ብርሃኑን ሞክር፤ ክዳኑን ዘግተህ ክፈት። እዚያ የሠራ ከተጫነም በኋላ ይሠራል። ፍጥነቱን ግን በዚያ አትፍረድ፣ ፍላሽ ሁሌም ቀርፋፋ ነው።

ጥ፦ ፒያሳ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ካኖን፣ አንድ ኤችፒ ፕሪንተር። ዕድሜዬም ገፍቷልና አዲስ ነገር ለመልመድ አልቸኩልም። ያዋጣኛል?

መ፦ ጋሼ፣ ሦስቱንም ባንድ ቀን አይቀይሩ። አንዱን ይቀይሩና አንድ ወር ይሥሩበት። ለእርስዎ ሱቅ ዋናው ጉዳይ ዲስትሮው ሳይሆን አማርኛውና ፕሪንተሩ ነው።

ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ እዚህ አይመጣም። በምትኩ አይባስ የሚባለውን የጽሕፈት ሥርዓት ከነኤም17ኤን (የአማርኛ ኪቦርዱን ከያዘው ጥቅል) ይጭኑና ከአማርኛው ዝርዝር ሴራን ይመርጣሉ። አጻጻፉ በድምፅ ነው፦ የእንግሊዝኛውን ኤስና ኢ ሲመቱ ሰ ይወጣል፣ ኤስና ዩ ሲመቱ ሱ። ኪይማን የሚባለው መጻፊያ ለሊኑክስም አለ፤ በስልካቸው ወይም በዊንዶውስ ኪይማን የለመዱ ጸሐፊዎች ካሉዎት እሱ ይቀላቸዋል። ኪቦርድ ምርጫ ውስጥ አማርኛ የሚል ብቻውን ቢያዩ አይቸኩሉ፤ ከ200 በላይ ፊደላችን በአንድ ቁልፍ አንድ ፊደል ስሌት አይገባም። ከመረጡ በኋላ አንዴ ወጥተው እንደገና ይግቡ፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ አልሠራም ብሎ ይተወዋል።

አሮጌ ፋይሎችን በተመለከተ፦ በዩኒኮድ (ዛሬ በየቦታው በሚሠራበት የፊደል ኮድ) የተጻፈው ሁሉ በኖቶ ኢትዮፒክ ወይም በአቢሲኒካ ፎንት ይከፈታል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆኖ ይመጣል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ያንኑ ፎንት ሲጭኑለት ይመለሳል። ሌላው፣ በኒያላ (በዊንዶውሱ የአማርኛ ፎንት) የተሠራ የዎርድ ሰነድ በሊኑክሱ የቢሮ ፕሮግራም በሊብረኦፊስ ላይ ሲከፈት ፎንቱ ስለሚቀየር መስመሩ ይገፋና አንዱ ገጽ ሁለት ይሆናል። ደንበኛ ፍላሽ ይዞ መጥቶ በቶሎ ይታተምልኝ ሲል ይህ ያጣላል። ስለዚህ አንዷን ኮምፒውተር ዊንዶውስ ላይ ያቆዩ፣ ወይም ደንበኛውን ፒዲኤፍ ይጠይቁ።

ፕሪንተሩን ስሙን ብቻ ሳይሆን ሞዴሉን ይዩ። ኤችፒ ኤችፒሊፕ በሚባለው ፕሮግራም ይሠራል፤ እንደ ሌዘርጄት ፒ1102 ያሉት ግን ተጨማሪ ፕላግኢን ከኢንተርኔት ይፈልጋሉ፣ ካልጫኑት ወረፋው ይገባል ወረቀት አይወጣም። ካኖን ኤልቢፒ 2900 እና መሰሎቹ ካፕት በሚባል አሮጌ ሾፌር (ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያግባባ ፕሮግራም) የሚሄዱ ስለሆኑ ያስቸግራሉ። ያ ከሆነ ያለዎት፣ ፕሪንተሩን ዊንዶውሱ ላይ ይተዉት።

ጥ፦ ካዛንቺስ ባለ ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ፒችትሪና ኤክሴል ነው።

መ፦ እህቴ፣ የቢሮውን ማሽን አትቀይሪ። የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ለሊኑክስ አልተሠራም፤ በዋይን (የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስነሳው) አስነሳሁት የሚል ሰው ብታገኚም የድርጅት መዝገብ የሚሞከርበት አይደለም። ማክሮ ያለባቸው የኤክሴል ፋይሎችም ሊብረኦፊስ ላይ ይንገዳገዳሉ። አውቶካድና ፎቶሾፕ ለሚጠይቁትም መልሱ ይኸው ነው። የቤት ላፕቶፕሽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብሮውዘር፣ ቴሌግራም፣ ቪዲዮና ጽሑፍ ያለ ችግር ይሄዳሉ።

ጥ፦ ዊንዶውሱን ሳላጠፋ ጎን ለጎን ልጭን። ምን ልጠንቀቅ?

መ፦ መጀመሪያ ፋይልህን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ። ቀጥሎ ዊንዶውስ ውስጥ ቢትሎከር ወይም የዲስክ ምስጠራ መብራቱን እይ፤ ብዙ ላፕቶፕ ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ በርቶ ይገኛል። ባለ 48 አኃዙን የመመለሻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ጽፈህ ከያዝክ በኋላ አጥፋው፤ ምስጠራውን ፈትቶ እስኪጨርስ ጠብቅ። ፋስት ስታርትአፕንም አጥፋ፤ ካልጠፋ ዊንዶውስ ሲዘጋ ግማሽ ተኝቶ ይቀራል፣ ከሊኑክስ በኩልም የዊንዶውሱን ክፍል ማንበብ እንጂ መጻፍ ያቅትሃል። ቦታውን የምታሳንሰው ከዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት ነው፤ ከ60 እስከ 100 ጂቢ ባዶ ተው። ፎርማት አታድርገው፣ ባዶ ይሁን።

መጫኛው ከዊንዶውስ ጎን ጫን የሚለውን ምርጫ ካላሳየህ ፍላሹ የተነሳበት መንገድ የተለየ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውሱ በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የማሽን ማስነሻ መንገድ) ከተጫነ ፍላሹም በዩኢኤፍአይ መነሳት አለበት። ዲስኩ ጨርሶ ካልታየ ደግሞ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ የዲስኩ አነባበብ አርኤስቲ ወይም ሬይድ ላይ ተቀምጦ ይሆናል፣ ወደ ኤኤችሲአይ ይቀየራል። ዝም ብለህ ከቀየርከው ግን ዊንዶውሱ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፤ በቅድሚያ ዊንዶውስ ውስጥ በኤምኤስ ኮንፊግ ሴፍ ሞድ (በትንሹ የሚነሳበትን ሁኔታ) አስመርጥ፣ ባዮሱን ቀይር፣ ዊንዶውስን አንዴ አስነሳ፣ ከዚያ ሴፍ ሞዱን አንሳ። ዲስኩን አጥፍተህ ጫን የሚለውን በፍጹም አትንካ፣ አንዴ ካረጋገጥክ መመለሻ የለውም።

ከዚህ በኋላ ሰዓትህ በሁለቱ መካከል በ3 ሰዓት ቢዛነፍ አትደንግጥ። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፍ አቆጣጠር ሲያነበው ዊንዶውስ በአዲስ አበባ ሰዓት ያነበዋል። ኢንተርኔት ሲገኝ ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ሁለቱም ላይ አብራ።

ጥ፦ ዋይፋይ የለም ይለኛል። ሾፌር ለማውረድ ደግሞ ዋይፋይ ያስፈልጋል!

መ፦ ስልክህን በቻርጀር ገመዱ አገናኝና ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ማካፈያ) አብራ፤ ያለ ምንም ሾፌር ኢንተርኔት ይገባል። ከዚያ ድራይቨር ማናጀርን ክፈት። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ብሮድኮም የሚሠራው የዋይፋይ ካርድ ነው። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሾፌር እንዳይሠራ የሚከለክለው የማሽኑ ጥበቃ) ከበራ ሲጭን የይለፍ ቃል ይጠይቅሃል፤ ማሽኑ እንደገና ሲነሳ በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ ያንኑ አስገባ። ያን ገጽ ከዘለልከው ሾፌሩ ተጭኖም አይሠራም።

ጥ፦ መሥሪያ ቤታችን ባለ 2 ጂቢ ራም ኮር ቱ ዱዎ ኮምፒውተሮች አሉ። 32 ቢት ናቸው ይባላል።

መ፦ ኮር ቱ ዱዎ 64 ቢት ነው፤ 32 የሆነው የተጫነባቸው ዊንዶውስ ይሆናል። ቀለል ያለውን የኡቡንቱ ዓይነት፣ ሉቡንቱን ሞክሩ። ማሽኑ ራሱ 32 ቢት ከሆነ ግን ኡቡንቱም ዴቢያን 13ም ትተውታል፣ ገንዘብ አታውጡበት።

ጥ፦ ፍላሽ ላይ ያለው የሾርትከት ቫይረስ ሊኑክስንም ይይዛል?

መ፦ አይነሳበትም፣ የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው። እንዲያውም ቫይረሱ የደበቃቸው ፎልደሮች ሊኑክስ ላይ ወለል ብለው ይታያሉ፤ ሾርትከቶቹን አጥፍተህ ፎልደሮችህን መገልበጥ ትችላለህ። ሳታጠፋ ፍላሹን ለሌላ ሰው ካዋስክ ግን አስተላላፊው አንተ ነህ።

ጥ፦ አፕዴት መሀል ላይ መብራት ቢጠፋስ? ዴስክቶፕ ነው ያለኝ፣ ዩፒኤስ የለኝም።

መ፦ በአብዛኛው የሚበላሸው የፕሮግራሞቹ አጫጫን እንጂ ፋይልህ አይደለም። ሲነሳ ኢስኬፕ ወይም ሺፍት ይዘህ የመነሻውን ሜኑ አምጣ፣ አድቫንስድ ውስጥ ሪከቨሪ ሞድን ምረጥ፣ እዚያ ዲፒኬጂ የሚለው መስመር ግማሽ የቀሩትን ይጠግናል። ከዚያ በፊት ግን፣ ሚንትን በጫንክ ዕለት የሥርዓቱን ቅጂ የሚይዘውን ታይምሺፍትን ክፈትና የሳምንት ቅጂ እንዲይዝ አዘው፤ ሁለት ቅጂ ይበቃል። ታይምሺፍት ሥርዓቱን ይመልሳል፤ ፎቶና ሰነድህን ግን ካላዘዝከው አይነካም፣ እነሱን በሌላ ዲስክ ለይተህ ያዝ።