ነጥብ መደርደር ከመጀመራችሁ በፊት

ልጆች፣ ይህን የምጽፈው እዚህ አውስትራሊያ መምህርነት ለጀመራችሁና በየትምህርት ቤቱ በረዳትነት ለምትሠሩ ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሜልበርን ውስጥ ለሕፃናት ሥዕል ሳስተምር ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ የመጣልኝን ብናገር የሚቆጣኝ አለቃ የለም።

የናይዶክ ሳምንት፣ ማለት የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች (አቦርጂናሎች) ባህልና ታሪክ የሚከበርበት ሳምንት፣ በጁላይ መጀመሪያ ሲደርስ መምህሩ ሁሉ የእነሱን ሥዕል ለማስቀዳት ይቸኩላል። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ይታደላል፣ ቡናማና ቢጫ ቀለም ይበጠበጣል፣ ልጆቹ የካንጋሩ ሥዕል ላይ ነጥብ ይደረድራሉ። ከዚያ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ፎቶ ይነሣል፣ አለቀ። እባካችሁ ይህን አትሥሩ።

ያ የነጥብ አሣሣል የመካከለኛው አውስትራሊያ በረሃ ነባር ሕዝቦች ነው። በ1971 ከአሊስ ስፕሪንግስ ወደ 240 ኪሎ ሜትር በምትርቀው ፓፑንያ፣ ጄፍሪ ባርደን የሚባል መምህር በነበረበት ትምህርት ቤት፣ የአገሬው ሽማግሌዎች የማር ጉንዳንን ታሪክ ግድግዳው ላይ ሣሉት። በዓመቱ ፓፑንያ ቱላ የተባለውን የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። ሥዕሉ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቤት ቀለም ተለቅልቆ ጠፋ፣ እስካሁን ያናድደኛል። የሜልበርን መሬት ነባር ባለቤቶች ደግሞ ሌሎች ሕዝቦች ናቸው፣ ዉሩንጄሪና ቡኑሮንግ ይባላሉ። በ1903 ያረፈው የዉሩንጄሪ መሪና ሠዓሊ ዊልያም ባራክ የሕዝቡን ጭፈራ በከሰልና በቀይ አፈር ሲሥል፣ የሰዎቹ ካባ ላይ የምታዩት መስመር ነው። ልጆቹ የሚኖሩበት ሠፈር የራሱ ሥዕል እያለው የሩቅ በረሃ ነጥብ ማስቀዳት ምን የሚሉት ነው?

ሥዕል ደግሞ ባለቤት አለው። በ1966 የወጣው የአውስትራሊያ የአንድ ዶላር ኖት ላይ የነባር ሕዝቡ ሠዓሊ የዴቪድ ማላንጊ ሥዕል ሳይጠየቅ ታትሞ ነበር። በኋላ 1,000 ዶላር፣ ሜዳሊያና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ተሰጠው። የዓሣ ማጥመጃ!

ለልጆች ማስተማር የሚገባው አሠራሩን ነው። ለዚህ ከንጉራራ ሸራ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ንጉራራ የሚባሉት በምዕራብ አውስትራሊያ የታላቁ አሸዋማ በረሃ ሰዎች መሬቱ የእኛ ነው ብለው ይከራከሩ ነበር። ማስረጃ ሲፈለግባቸው በ1997 ፒርኒኒ የሚባል ቦታ ላይ ተሰብስበው 8 በ10 ሜትር የሆነ ሸራ መሬት ላይ ዘረጉ። 40 ያህል ሠዓሊዎች ሸራው ላይ ቁጭ ብለው ሣሉ፣ ግን ማንም ባገኘው ቦታ አልሣለም፤ እያንዳንዱ ኃላፊነቱ ያለበትን መሬት፣ የውሃ ጉድጓዱን፣ የቤተሰቡን ታሪክ ነው የሣለው። የመንግሥት ሰዎች ሲመጡ ደግሞ በየተራ የራሳቸው ቦታ ላይ እየቆሙ በቋንቋቸው ተናገሩ። በ2007 ፍርድ ቤት በ76,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት ላይ መብታቸውን አወቀላቸው።

ይህንን ታሪክ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ንገሩት፣ አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማችሁ።

ከዚያ ወደ ውጭ አውጧቸው። የሜልበርን ሠፈር ፉትስክሬይ ከሆናችሁ ማሪቢርኖንግ ወንዝ እዚያው አጠገባችሁ ነው። ልጁ በደንብ የሚያውቀውን አንድ ቦታ ይምረጥ፣ ዛፍም ይሁን ድልድይ፣ ደጋግሞ ይየው፣ ማን እንደሚጠብቀው ይጠይቅ። ሥዕሎቹን አንድ ትልቅ ሸራ ላይ ስታገናኙ ጠቡ የሚነሣው ድንበር ላይ ነው። የእኔ ዛፍ የት ያበቃል፣ ያንተ ወንዝ የት ይጀምራል? አትገላግሏቸው፣ ራሳቸው ይነጋገሩበት። ትምህርቱ ያለው እዚያ ጭቅጭቅ ውስጥ ነው። ከእኛ ልጆች አንዱ «የእኔ አገር ጎንደር ነው» ቢላችሁ አትከልክሉት፣ ሌላ ወረቀት ስጡትና ይሣል። ይኼኛው ሸራ ግን አሁን የቆመበት መሬት ነው፤ የዚህ መሬት ባለቤቶች እነማን እንደሆኑም ይወቅ።

የአገሬውን ምልክት መጠቀም ከፈለጋችሁ የዉሩንጄሪ ወይም የቡኑሮንግ ሠዓሊ ጋብዙ፣ የቱ እንደሚፈቀድና የቱ እንደማይፈቀድ እሷ ወይም እሱ ይናገር። ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊትም ጠይቁ። ክፍያውን ደግሞ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ አስገቡ። ርዕሰ መምህሩ «ለልጆቹ ሲባል በነፃ አይሆንም ወይ?» ማለቱ አይቀርም፤ ቧንቧ ሠሪ ሲጠራ ግን እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም።