አልኮልና ኩል፦ ጥያቄና መልስ

ሐረር ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሰሞኑን «አልኮል» ስለሚለው ቃል የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከሐረርም ከድሬም ጥያቄ ደርሶኛል።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ አልኮል የፈረንጅ ቃል አይደለም እንዴ?

መልስ፦ በፈረንጅ በኩል ዞሮ መጣ እንጂ መነሻው ዓረብኛ ነው፤ «አል-ኩሕል»። «አል» የምትለዋ «ቤቱ» ስንል መጨረሻ ላይ የምንጨምራትን «ኡ» ትመስላለች። ስለዚህ አልኮል ቃል በቃል «ኩሉ» ማለት ነው። አዎ፣ እናቶቻችን የሚኳሉት ኩል! በግዕዝም «ኵሕል» ይባላል።

ጥያቄ፦ አቦ፣ ኩል ዱቄት ነው፣ አልኮል ፈሳሽ። ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ በጣም የወደድኩት ጥያቄ ይሄ ነው። ኩል ከድንጋይ ይሠራል። አንቲሞኒ ወይም ሊድ (እርሳስ የምንለው ብረት) ያለበት ማዕድን ተወቅጦ እስኪልም ይፈጫል። ቃሉ አውሮፓ ሲገባም መጀመሪያ የያዘው ይህንኑ ትርጉም ነበር፤ በጣም የላመ ዱቄት። ቆይቶ በእሳት ተንኖ፣ ቀዝቅዞ የሚሰበሰበውም ዱቄት በዚሁ ስም ተጠራ። እዚህ ላይ ትርጉሙ ፈቀቅ አለ። ዱቄት መሆኑ ቀረና ከአንድ ነገር ውስጥ ተጣርቶ የወጣ ንጹሕ ነገር ሁሉ አልኮል ተባለ። በ16ኛው መቶ ዘመን የስዊዘርላንዱ ሐኪም ፓራሴልሰስ ከወይን ጠጅ ተጣርቶ የሚወጣውን «የወይን አልኮል» አለው። በጊዜ ብዛት «የወይን» የሚለው ተረሳ፣ «አልኮል» ብቻውን ቀረ።

ጥያቄ፦ «ገውል» ከሚለው የቁርአን ቃል የመጣ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ቃሉ በሱረቱ አስ-ሷፋት 37፥47 ላይ አለ፤ የጀነት መጠጥ ጉዳት እንደሌለበት ሲነገር። ድምፁ ስለሚቀራረብ ግምቱ አይገርምም። ግን አውሮፓውያን «አልኮል» ብለው መጻፍ ሲጀምሩ ዱቄት ማለታቸው ነበር፤ መጠጥ የተባለው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ስለዚህ «ኩሕል» ነው ከሚሉት ጋር ነኝ።

ጥያቄ፦ አረቄስ?

መልስ፦ እሱም ዓረብኛ ነው። «ዐረቅ» ላብ ማለት ነው። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ሲል ያላበው ይመስላላ።

ጥያቄ፦ የፖታሲየም ምልክት ለምን «ኬ» ሆነ? ከዓረብኛ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ በደንብ! «አል-ቀሊ» የተቃጠለ ተክል አመድ ነው። የአሲድ ተቃራኒ የሆነው «አልካሊ»ም ስሙ ከዚያው ነው የመጣው። «ካሊየም» የሚለው የላቲን ስም ከዚሁ ወጣ፤ «ኬ» የእሱ መነሻ ፊደል ናት።

ጥያቄ፦ ከገበያ የገዛሁትን ኩል ሕፃን ልጄን ልኳላት?

መልስ፦ እባክሽ እህቴ፣ ይቅርባት። አንዳንዱ ኩል ሊድ ሰልፋይድ ነው። ሕፃን ዓይኗን አሽታ እጇን አፏ ውስጥ ትከታለች። ሊድ ደግሞ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። የትኛው ኩል ሊድ እንዳለበት በዓይን አይተሽ መለየት አትችይም።