የናኖ ሽቦ ቢቀጥን ይሻላል?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከሱሉልታ ነው፤ የ2ኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የቴራኸርዝ ጨረር (በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መካከል ያለውን) የሚለዩ አንዳንድ መሣሪያዎች፣ ውፍረቱ በናኖሜትር (በሜትር ቢሊዮንኛ) በሚለካ የወርቅ ናኖ ሽቦ እንደሚሠሩ ለተማሪዎቼ ስነግር፣ አንዱ «ታዲያ ሽቦው በቀጠነ ቁጥር መሣሪያው ንቁ ይሆናል ማለት ነው?» አለኝ። አዎ ልለው ከጀመርኩ በኋላ ተጠራጥሬ ለሌላ ቀን አቆየሁት። ምን ልበለው?

መልስ፦ መምህር፣ መጠራጠርዎ ተገቢ ነበር። ተማሪዎ የጠየቀው ስለ ውፍረት ቢሆንም፣ ሽቦው የትኛውን ጨረር እንደሚቀበል በዋናነት የሚወስነው ርዝመቱ ነው። የ1 ቴራኸርዝ ጨረር የሞገድ ርዝመት 300 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ሽቦው ደግሞ የሚያገለግለው በየጣሪያው እንደምናያቸው የቴሌቪዥን አንቴና ዘንጎች በመሆኑ፣ ጨረሩን አጥብቆ የሚቀበለው ቁመቱ ከሞገዱ ግማሽ ጋር ሲቀራረብ ነው። ይህም በአየር ላይ 150 ማይክሮሜትር ያህል ሲሆን፣ በሲሊከን ላይ ለተዘረጋ ሽቦ ግን ሞገዱ በሲሊከኑ ምክንያት ስለሚያጥር ወደ 60 ማይክሮሜትር ግድም ይወርዳል። እንግዲህ «ናኖ» የተባለው ውፍረቱ እንጂ ቁመቱ አይደለም፤ ቁመቱንም ናኖ ካደረጉት ሽቦው ቴራኸርዝን ትቶ የሚታየውን ብርሃንና የቅርብ ጎረቤቶቹን መቀበል ይጀምራል።

ወደ ውፍረቱ ስንመጣ ሁለት ቁጥሮችን መያዝ ያስፈልጋል። የ1 ቴራኸርዝ ጨረር ወርቅ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው 80 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው። ኤሌክትሮን ደግሞ በወርቅ ውስጥ፣ በክፍል ሙቀት፣ ሳይጋጭ የሚጓዘው በአማካይ 40 ናኖሜትር ያህል ነው። ሽቦው ከመጀመሪያው ቁጥር በታች ሲቀጥን ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበት መንገድ ስለሚጠብ ሬዚስታንሱ ያድጋል፤ ከሁለተኛውም በታች ሲወርድ ኤሌክትሮኖቹ ከሽቦው ግድግዳና ከወርቁ ቅንጣቶች ወሰን ጋር አብዝተው ስለሚጋጩ ወርቁ ራሱ መጥፎ አስተላላፊ ወደ መሆን ያዘነብላል። በዚህ ጊዜ አንቴናው ይደክማል፤ የተቀበለውንም ኃይል በራሱ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል።

ይሁንና ይህ ሙቀት ለአንዱ ኪሳራ ሲሆን ለሌላው ሲሳይ ነው። ቦሎሜትር የሚባለው መሣሪያ የሚለካው ሙቀትን በመሆኑ፣ የስኒ ውሃ ከድስት ውሃ ቀድሞ እንደሚፈላ ሁሉ፣ ቀጭን ሽቦም በጥቂት ኃይል ቶሎ ይሞቃል፤ ሙቀቱም በጫፎቹ በኩል በቀላሉ አያመልጥበትም። በ2009 ወደ ጠፈር የተላከው የኸርሸል ቴሌስኮፕ ላይ፣ HIFI የተባለው መሣሪያ ከ1.4 ቴራኸርዝ በላይ ያለውን ጨረር የተቀበለው በዚሁ መርሕ በሚሠራ፣ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ በሚወፍርና እጅግ በቀዘቀዘ የኒዮቢየም ናይትራይድ ንጣፍ ነበር። (ወደ ጠፈር መውጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአየር ያለው የውሃ ትነት ይህን ጨረር ይውጠዋል። የጎረቤትዎ የእንጦጦ መመልከቻ ጣቢያ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ቢሆንም፣ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖቹ የተተከሉት ለብርሃን ነው።)

ሁለት ሽቦዎች ጫፍ ለጫፍ ተቀራርበው፣ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ውስጥ ምልክቱ የሚለካበት ዓይነትም አለ። እዚያ ከቅጥነቱ ይልቅ ክፍተቱ ይበልጣል፤ ሲጠብ የኤሌክትሪክ መስኩ በውስጡ ይጠራቀማል፤ ግን የሚቀበሉት ድግግሞሽም ዝቅ ስለሚል ሽቦዎቹን በመጠኑ ማሳጠር ግድ ይሆናል።

ስለዚህ ለተማሪዎ «አዎ» ከማለትዎ በፊት፣ ሽቦው የታሰበው ለአንቴናነት ነው ወይስ ለሙቀት መለኪያነት ብለው ይጠይቁት። ለአንቴና ከሆነ፣ ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር የሚወፍር ወርቅ ይበቃዋል።