የሞስኮው 800 ሜትር፦ ሩዲሻ ቢኖርስ?

ሰላም ወንድሜ፤ መሐመድ አማን በ2013 እ.ኤ.አ. በሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና 800 ሜትርን ያሸነፈው ኬንያዊው ዴቪድ ሩዲሻ በጉዳት ስለቀረ ብቻ ነው ወይ ብለህ ለጠየቅኸው፣ እኔ በዚህ አልስማማም። መሐመድ ሩዲሻን በ2011 በሚላን፣ በ2012 ደግሞ ከለንደን ኦሊምፒክ ጥቂት ሳምንታት በኋላ በዙሪክ በ1:42.53 አሸንፎት ነበርና። በሞስኮ አሜሪካዊው ኒክ ሲሞንድስ ወደ መጨረሻው 100 ሜትር ሲገባ ይመራ ስለነበር፣ ባሕር ዳር ላይ ከጣና ዳር ካፌ ተሰብስበን የምናይ ሁሉ የብር ሜዳሊያም ይበቃናል ብለን ነበር (ችኩሎች ነበርን)፤ መሐመድ ግን የቆጠበውን ጉልበት በመጨረሻዎቹ ሜትሮች አውጥቶ በ1:43.31 ቀደመው። ሲሞንድስ የገባው በ1:43.55 ነው። በእርግጥ ሩዲሻ ከመነሻው ጀምሮ እየመራ ፍጥነቱን የሚያከር ሯጭ በመሆኑ፣ እርሱ ቢኖር ኖሮ መሐመድ እስከዚያ ድረስ ተረጋግቶ የመጠበቅ ዕድል አያገኝም ነበር።