ምቱን የማዳምጥበት ጆሮዬ

እንደምን ሰነበትሽ? በዕድሜ ሳልበልጥሽ ስለማልቀር አንቺ ብልሽ አትቀየሚኝ። 58 ዓመቴ ነው። ቸርችል ጎዳና አጠገብ ሰዓት እጠግናለሁ።

ከ5 ወር በፊት አንድ ጠዋት ስነቃ ቀኝ ጆሮዬ ድፍን ብሏል። ኩክ መሰለኝ። ባለቤቴ ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ ጨምቃ በቡና ሰጠችኝ። ጎረቤት ደግሞ ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቆ ጆሮዬ ውስጥ ጠብ አደረገልኝ። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ይዞርብኝ ጀመር። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስመልሰኝ ነበር። ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ የሄድኩት በሁለተኛው ወር ነው። ኤምአርአይም ተነሣሁ። እባጭ የለም፣ ነርቩ ግን ተጎድቷል፣ ለመስማቱ ዘግይተዋል ተባልኩ።

አሁን ጆሮዬ ሌት ተቀን ጭው ይላል። ሰዓት ጠግኜ ስጨርስ ምቱን የማዳምጠው በእሱ ነበር። ስራመድም እንገዳገዳለሁ። ባለፈው ቁልቁለቱን ስወርድ አንዱ ጎረምሳ «ፋዘር፣ በጠዋቱ!» ብሎ ሳቀብኝ። መጠጥ ቀምሼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ መውጣት አስጠላኝ፤ የማዞር ኪኒን እየዋጥኩ ተኝቼ እውላለሁ። ልጆቼ ከዘራ ያዝ ይሉኛል። እኔ ግን ለከዘራ ገና ነኝ። ምን ትይኛለሽ?

ሰዓት ሠሪው፣ ከፒያሳ

* * *

ጋሼ፣ እንኳን አንቺ አሉኝ።

የሚከፋውን ላስቀድም። እንዲህ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጠፋ መስማት በአስቸኳይ የሚታይ ሕመም ነው። ሐኪም የሚያዘው ስቴሮይድ የተሻለ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ሲጀመር ነው። ያ ጊዜ አልፎዎታል። ራስዎን አይውቀሱ፤ ጆሮው ሲደፈን ኩክ የማይመስለው ማን አለ? ዛሬ ጠዋት አንድ ጆሮው የተደፈነበት አንባቢ ካለ ግን ይህን ማንበቡን ትቶ ሐኪም ጋ ይሂድ። ዘይትና ሽንኩርቱ ለወጥ ይሁን። ፊት ከተጣመመ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ደግሞ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ለደቂቃም አይቆይ።

የሚዛንዎ ነገር ግን ገና አልተዘጋም። ለሰዓት ሠሪ ማስረዳት አይከብድም። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ፣ ከመስሚያው ጎን፣ ፈሳሽ የያዙ 3 ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ራስዎን ሲያዞሩ ፈሳሹ ይንቀሳቀስና ወሬው ለአንጎል ይደርሳል። አሁን የግራው እየተናገረ የቀኙ ዝም ብሏል። ሁለቱ ካልተስማሙ አንጎል ቤቱ የዞረ ይመስለዋል። ደግነቱ ይለምዳል፤ ከግራ ጆሮ፣ ከዓይንና ከውስጥ እግር የሚያገኘውን ገጣጥሞ ይሠራል። የሚለምደው ግን ሲንቀሳቀሱ ነው። ተኝተው ከምን ይማር? ኪኒኑም ለመጀመሪያዎቹ ቀናት እንጂ ለወራት አይደለም፤ አንጎልን ያዘገያል። ስለ መቀነሱ ሐኪምዎን ያማክሩ።

እንቅስቃሴውን ፊዚዮቴራፒስት ቢያሳይዎ ይመረጣል። እስከዚያው ወንበር ላይ ይቀመጡና አውራ ጣትዎን ከፊትዎ ያቁሙ። ዓይንዎን ከጣቱ ሳይነቅሉ ራስዎን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙሩ። አንድ ደቂቃ ያህል፣ በቀን ሦስቴ። ትንሽ ያዞርዎታል፤ አንጎል የሚማረው በእሱ ነውና አይደንግጡ። ቀጥሎ ከልጆችዎ አንዱን ይዘው ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ይውጡ። የቸርችል ቁልቁለት ለኋላ ይቆይ። ማታ መብራት ሲጠፋ ዓይንም ስለማያግዝዎ ባትሪ ከትራስዎ አይራቅ።

በከዘራው ነገር ከልጆችዎ ጋር ነኝ። ከዘራ የያዘ ሰው ቢንገዳገድ ማንም ሰከረ አይልም። የታክሲ ረዳቱም «ቀስ ይበሉ» ይላል እንጂ አያጣድፍም። ደግሞ ያምርብዎታል።

ሱቅዎ ውስጥ ወንበርዎን አዙረው በሩን ወደ ግራ ያድርጉት። ድምፅ ከየት እንደመጣ የሚለየው በሁለት ጆሮ ነው፤ ስለዚህ መንገድ ሲሻገሩ ዓይንዎን እንጂ ጆሮዎን አይመኑ። ጭው የሚለው ጸጥታ ሲሆን ይብሳል፤ ማታ ሬዲዮ ዝቅ አድርገው ይክፈቱ።

ሰዓቱንም በግራ ጆሮዎ ይሞክሩት። እጅዎ ለጥቂት ወራት ወደ ቀኝ መሄዱ አይቀርም።