መልስ፦ በፖቶማክ ዳር በብስክሌት

ሰላም ወንድሜ፣ ብስክሌት ያልለመዱ አሥር ሰዎች ይዘህ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ በፖቶማክ ወንዝ ዳር የት እንደምትሄድ ነው የጠየቅኸው። የማውንት ቨርነንን መንገድ ያዙ። ከሩዝቬልት ደሴት እስከ ጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ፣ ማውንት ቨርነን፣ 29 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለእናንተ ግን ግማሹ፣ አሌክሳንድሪያ ድረስ፣ ይበቃል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ጎን ለጎን አትንዱ። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለው ግራቭሊ ፖይንት የተባለ መናፈሻ ላይ ቆም በሉ፤ ለማረፍ የሚወርደው አውሮፕላን አናታችሁን ሊነካ ምንም አይቀረው።

እ.ኤ.አ. በ1749 የተቆረቆረችው የአሌክሳንድሪያ አሮጌ ከተማ ስትደርሱ ድንጋይ የተነጠፈባቸው መንገዶች ላይ ወርዳችሁ ግፉ (እኔን ጥርሴን አንቀጫቅጮኛል)። ከወንዙ ራቅ ቢልም ዱክ ጎዳና ያለውን ፍሪደም ሃውስ ሙዚየም እንዳታልፉት፤ እ.ኤ.አ. ከ1828 ጀምሮ ባሪያ ነጋዴዎች ሰው እየገዙ ወደ ደቡብ ይልኩበት የነበረ ቤት ነው። እስከ ማውንት ቨርነን ልቀጥል የሚል ካለ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ዳገት አይምርም።